ያረጀ ካምቢዮ ሲፈታ፦ ከሜድስቶን እስከ ሱማሌ ተራ

አንድ አሮጌ ፒክአፕ መኪና ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ የሚያሰማው የመፋጨት ድምፅ ለብዙ ባለቤቶች የመኪናው ዕድሜ ማብቂያ ደወል መስሎ ይሰማቸዋል። ሞተሩ ገና ጤነኛ ነው፤ የጭነት ሳጥኑ ዳር ዳሩን ቢዝግም ዕቃ ይሸከማል፤ ፍሬኑም ይይዛል። ካምቢዮው ግን ባለቤቱን ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ ፈትቶ ማደስ ወይም መኪናውን ለአፍራሾች መስጠት። ይህ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ በግምትና በወሬ የሚወሰን መሆኑ ያሳዝናል። ምክንያቱም ከመኪና ክፍሎች ሁሉ ሕመሙን በግልጽ በመናገር ካምቢዮን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። የትኛው ክፍል እንዳለቀ በድምፁ፣ በንዝረቱና በዘይቱ ይናገራል። ሲከፈት ደግሞ በአብዛኛው አልቆ የሚገኘው ውዱ ክፍል ሳይሆን፣ ሌላው እንዲተርፍ ቀድሞ እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራው ርካሽ ክፍል ነው።

ጉዳዩ በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈሮች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ሜድስቶን ከመሐል ከተማው ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በማሪቢርኖንግ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለች ሰፈር ናት። ጎረቤቷ ፉትስክሬይ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተሰባሰቡባት በመሆኗ አካባቢው በአውስትራሊያ ለሚኖሩ ወገኖች እንግዳ አይደለም። በሌላ ወገን የሚያዋስኗት ብሬይብሩክና በአቅራቢያዋ ያለው ቶተንሃም ደግሞ የመጋዘንና የአነስተኛ ፋብሪካ መንደሮች ናቸው። በዚህ የከተማዋ ክፍል ፒክአፕ የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ቀለም ቀቢው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ አትክልተኛውና ዕቃ አመላላሹ መሣሪያቸውን የሚጭኑበት የእንጀራ ገመዳቸው ነው። መኪናው ለሁለት ሳምንት ቆመ ማለት ለሁለት ሳምንት ገቢ ተቋረጠ ማለት ነው።

አውስትራሊያውያን ይህን ዓይነቱን መኪና «ዩት» ብለው ይጠሩታል። ታሪኩም ከሜልበርን ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1932 በቪክቶሪያ ግዛት የምትኖር አንዲት የገበሬ ሚስት ለፎርድ ኩባንያ ደብዳቤ እንደጻፈች ይነገራል። የጠየቀችውም እሑድ እሑድ ቤተሰቡን ሳያስበሰብስ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ፣ ሰኞ ደግሞ ዐሣማ ጭኖ ገበያ የሚወርድ አንድ መኪና እንዲሠራላት ነበር። በጂሎንግ የፎርድ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ንድፍ አውጪ ሊው ባንት የቤት መኪናን ፊት ከጭነት መኪና ጀርባ ጋር በአንድ አካል አዋሕዶ ነደፈ፤ መኪናውም በ1934 ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ፎርድ በ2016፣ ቶዮታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2017 በሜልበርን ምዕራብ የሚገኘውን የአልቶና ፋብሪካውን ዘግተው በአውስትራሊያ መኪና መገጣጠም አቁመዋል። ዛሬ በሜድስቶን ጎዳናዎች ላይ የሚታየው ፒክአፕ በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ቶዮታ ሂሉክስ በብዛት ከሚዘወተሩት አንዱ ነው።

ሂሉክስ ለኢትዮጵያውያን ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በወረዳ ከተሞች የመሥሪያ ቤት፣ የእርሻ፣ የነጋዴና የዕርዳታ ድርጅት መኪና ሆኖ ለዐሥርት ዓመታት አገልግሏል። ስለዚህ በሜድስቶን አንድ ቤት ጓሮ የሚፈታውና በመርካቶ ሱማሌ ተራ የሚፈታው ካምቢዮ ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ውስጣቸው ያለው ሳይንስም አንድ ነው።

ናሱ ለምን ይሞታል?

በአማርኛ የጋራዥ ቋንቋ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካምቢዮ በጣሊያንኛ «መለወጥ» ማለት ነው፤ ስያሜውም ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። የሞተር ጉልበት የሚጠቅመው በተወሰነ የዙር ክልል ውስጥ ብቻ ነው። መኪናው ግን ከቆመበት ተነሥቶ መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት መድረስ አለበት። ካምቢዮው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ዙርን ለጉልበት፣ ጉልበትን ለዙር ይለውጣል። 200 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያለው ሞተር በ4 ለ1 የመጀመሪያ ማርሽ ሲያልፍ፣ በሰበቃ የሚባክነው ካልታሰበ፣ 800 ኒውተን ሜትር ሆኖ ይወጣል። ዙሩ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ጭነት የያዘ ፒክአፕ ዳገት የሚወጣው በዚህ ልውውጥ ነው።

በተለመደው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ውስጥ ሦስት ዋና ዘንጎች አሉ። ከፍሪሲዮኑ የሚመጣው ገቢ ዘንግ፣ ከሥር ተዘርግቶ ዘወትር አብሮት የሚዞረው የታችኛው ዘንግ፣ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ወጪ ዘንግ። ብዙ ሰው ማርሽ ሲቀየር ትልልቆቹ ጥርሳማ ማርሾች እየተላቀቁ እንደገና የሚነካከሱ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የፊት ማርሾች ሁሉ ሁልጊዜ እንደተነካከሱ ናቸው። በወጪው ዘንግ ላይ የተቀመጡት ግን በመርፌ ኩሽኔታ ላይ በነፃነት ይሽከረከራሉ፤ ዘንጉን አይዙም። ሾፌሩ የማርሽ መቀየሪያውን ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው በሹካ የሚገፋ ተንሸራታች እጅጌ ነው። እጅጌው የተፈለገውን ማርሽ ከዘንጉ ጋር ይቆልፈዋል። ጥርስ ከጥርስ የሚገጥመው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ጭቅጭቁም እዚህ ይጀምራል።

ጭቅጭቁን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ መኪና በሁለተኛ ማርሽ ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ይዞራል እንበል። የሁለተኛው ማርሽ ንጽጽር 2.1፣ የሦስተኛው 1.4 ቢሆን፣ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሦስተኛ ሲገባ ገቢው ዘንግ 2000 ዙር ላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ የፍሪሲዮኑ ዲስክ፣ ገቢው ዘንግ፣ የታችኛው ዘንግና በእነርሱ ላይ ያሉት ማርሾች በሙሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ 1000 ዙር መጣል ይኖርባቸዋል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመለሱ ደግሞ ያንኑ ያህል መጨመር። የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን የሚያደርጉት በራሳቸው ጆሮና እግር ነበር፤ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ይረግጣሉ፣ በመካከሉ ነዳጅ ይሰጣሉ፣ የሞተሩን ድምፅ አዳምጠው ማርሹን ያስገባሉ። ጥሩ ሾፌር ከመጥፎው የሚለየውም በዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 የጄኔራል ሞተርሱ ካዲላክ የኤርል ቶምፕሰንን ፈጠራ ተጠቅሞ ሲንክሮናይዘር ያለው ካምቢዮ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን ይህ ጥበብ ቀስ በቀስ ከሰው ወደ ብረት ተዛወረ።

ሲንክሮናይዘር ከጣት ቀለበት ከፍ ያለ፣ በአብዛኛው ከናስ የሚሠራ ቀለበት ነው። የውስጥ ገጹ ወደ አንድ ጎን እየጠበበ የሚሄድ ሲሆን፣ በማርሹ ላይ ባለው የብረት ሾጣጣ ገጽ ላይ ይጫናል። እጅጌው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ቀለበቱን ይገፋዋል፤ ቀለበቱ በሰበቃ ማርሹን ይይዝና ዙሩን ከእጅጌው ዙር ጋር ያስተካክላል። ዙሩ እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ በጠርዙ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች እጅጌውን «ቆይ» ብለው ያግዱታል። ዙሩ እኩል ሲሆን መንገዱ ይከፈታል፤ ማርሹም ያለ ድምፅ ይገባል። በመሠረቱ እያንዳንዱ የማርሽ ለውጥ አንዲት ትንሽ ፍሬን መያዝ ማለት ነው።

በቀለበቱ የውስጥ ገጽ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የሾሉ ጥቃቅን መስመሮች ተቀርጸዋል። ሥራቸው ዘይቱን መቁረጥ ነው። በናሱና በብረቱ መካከል ቀጭን የዘይት ሽፋን ከቀረ ቀለበቱ ይንሸራተታል እንጂ አይይዝም። በመቶ ሺህ ጊዜ የማርሽ ለውጥ እነዚህ ሹል ጫፎች እየደነዘዙ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ቀለበቱ ለዓይን ሙሉ ይመስላል፤ አልተሰነጠቀም፣ ጥርሱም አልጎደለም። ነገር ግን ዘይት መቁረጥ አቅቶታል። ማርሽ ሲገባ የሚሰማው መፋጨት እገዳው ሳይሠራ የእጅጌው ጥርስ ከማርሹ ጥርስ ጋር የሚላተምበት ድምፅ ነው። ናስ ከተጠናከረ ብረት እጅግ ለስላሳ በመሆኑ የሚያልቀው እርሱ ነው። የተመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ማርሹና ዘንጉ እንዲተርፉ ናሱ ይሞታል። ባለቤቱ ድምፁን ሰምቶ ቶሎ ከከፈተው ወጪው የአንድ ቀለበት ነው፤ ለዓመታት እያፋጨ ከነዳው ግን የማርሹም ጥርስ ይበላል።

ማርሽ ሲያመልጥ

ከመፋጨት የከፋው ማርሽ ማምለጥ ነው። ሾፌሩ ሳይነካው መቀየሪያው በራሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የእጅጌውና የማርሹ መቆለፊያ ጥርሶች አዲስ ሳሉ ጎናቸው ቀጥ ያለ አይደለም፤ እጅግ በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው። ይህም ኃይል ባለፈባቸው ቁጥር እርስ በርስ እንዲሳሳቡ ያደርጋቸዋል። ጥርሶቹ ሲዶለዱሙ ዝንባሌው ይጠፋል፤ ከዚያም ይገለበጣል። ያን ጊዜ የሞተሩ ኃይል ራሱ እጅጌውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ያለቀ ሹካ፣ የደከመ የማቆሚያ ስፕሪንግ ወይም ከመጠን በላይ የሚላወስ ዘንግ ነገሩን ያባብሱታል።

ይህ ችግር በሜድስቶን ሜዳማ ጎዳና የሚያናድድ ነው፤ በዓባይ ሸለቆ ግን ሊገድል ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። ጭነቱን ጨምሮ 2500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 24.5 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ይህ ከ70 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። መኪናው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ተይዞ ሲወርድ ሞተሩ ከፊሉን ይውጠዋል። ማርሹ ካመለጠ ግን ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። ልምድ ያላቸው የጎጃም መስመር ሾፌሮች በቁልቁለት ላይ እጃቸውን ከማርሽ መቀየሪያው የማያነሡት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ማርሽን በእጅ ደግፎ መንዳት መፍትሔ ሳይሆን ካምቢዮው መከፈት እንዳለበት የሚናገር ማስረጃ ነው።

ከመፍታት በፊት ማዳመጥ

ብዙ ካምቢዮዎች ያለ ጥፋታቸው ይፈታሉ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሳለ የሚሰማ ጉርምርምታ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፣ ተጠርጣሪው የገቢው ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ድምፁ በተቃራኒው ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ እንጂ ካምቢዮው አይደለም። ሁሉም ማርሽ አልገባም የሚል ከሆነ፣ በተለይም ወደ ኋላ ሲገባ የሚያፋጭ ከሆነ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፍሪሲዮኑ በትክክል መልቀቁ ነው። ሁሉም ቀለበቶች በአንድ ቀን አያልቁም። አንድ ማርሽ ብቻ የሚያፋጭ ከሆነ ግን ጣት የሚጠቆመው በዚያ ማርሽ ቀለበት ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛው ነው፣ የዙር ልዩነቱ ሰፊ፣ አጠቃቀሙም ተደጋጋሚ ነውና።

አራተኛ ማርሽ ልዩ ምስክር ነው። በአብዛኞቹ የኋላ ጎማ ነጂ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮዎች አራተኛው ገቢውንና ወጪውን ዘንግ በቀጥታ ስለሚያገናኝ ጭነቱ በታችኛው ዘንግ በኩል አያልፍም። ስለዚህ በሌሎቹ ማርሾች የሚያለቅስ ካምቢዮ አራተኛ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ፣ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎችና ጥርሶች ተጠርጣሪ ይሆናሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ምስክር ዘይቱ ነው። የናስ ብናኝ በፀሐይ ሲታይ ወርቅማ ብልጭታ አለው፤ ቀለበቶቹ እያለቁ መሆኑን ይናገራል። በማግኔቱ ላይ የተጣበቀ ስስ ግራጫ ጭቃ የዕድሜ ነገር ነው፤ የብረት ፍንካች ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መሰበሩን ያሳያል። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውኃ መግባቱን ይመሰክራል። የጋለ ካምቢዮ በወንዝ ውኃ ውስጥ ሲያልፍ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም በዘይት ማገጃ ጎማው በኩል ውኃ ይስባል። በክረምት ወንዝ የሚሻገር የአማራ ክልል ፒክአፕም ሆነ በአውስትራሊያ ገጠር ጅረት የሚያቋርጥ ዩት ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

ስስ ልዩነቶች

ካምቢዮን ከመኪና ማውረድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባለ አራት ጎማ ነጂ ፒክአፕ ካምቢዮ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ጋር አንድ ሰው ሊያነሣው የማይገባ ክብደት አለው። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባትም በየትኛውም አገር ሰው የሚገድል ድፍረት ነው። መኪናው በጽኑ ማቆሚያ ላይ ማረፍ አለበት።

ሣጥኑ ሲከፈት ትዕግሥት የሌለው ሰው ይፈተናል። ማርሽ እንዳያመልጥ የሚይዙት ትንንሽ ብረት ኳሶችና ስፕሪንጎች ተፈናጥረው ይጠፋሉ። ከእነርሱም መካከል ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ የሚያግዱ አሉ። አንዷ ከጎደለች የታደሰው ካምቢዮ በሁለት ማርሽ ተቆልፎ ዘንጉ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ እያንዳንዱን ክፍል በወጣበት ቅደም ተከተል በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደረድራል፤ ዛሬ ዛሬም በስልኩ ፎቶ ያነሣል።

ዋናው ሥራ መለካት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ ይሰንፋል። የናስ ቀለበቱ በማርሹ ሾጣጣ ላይ በእጅ ተጭኖ ሲጠመዘዝ መያዝ አለበት፤ ከተንሸራተተ አልቋል። ከዚያ በቀለበቱና በማርሹ ጥርሶች መካከል የሚቀረው ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ይለካል። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች አዲሱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖረዋል፤ ከ0.8 ሲያንስ ቀለበቱ ይጣላል። በሹካውና በእጅጌው መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ትክክለኛው ቁጥር ለየካምቢዮው ዓይነት በአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ላይ ሰፍሯል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥም አደገኛ ነው። ኩሽኔታዎችን በቦታቸው የሚይዙት የማገጃ ቀለበቶችም በተለያየ ውፍረት ይቀርባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከሰው ፀጉር ውፍረት ሊያንስ ይችላል። መካኒኩ ከሚገቡት መካከል ወፍራሙን መርጦ ያስገባል። አሮጌውን መልሶ መግጠም የሚላወስ ዘንግ፣ የሚላወስ ዘንግም የሚያመልጥ ማርሽ ያስከትላል።

መዶሻ የኩሽኔታ ጠላት ነው። ኩሽኔታ ሲገባ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ካለፈ በመስመሩ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ አዲሱ ዕቃ ከመጀመሪያው ቀን ይጮኻል። የፊዚክስ ሕግ ግን ከመዶሻ የተሻለ መሣሪያ ይሰጣል። የብዙ ካምቢዮዎች ሣጥን ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ አሉሚኒየም ደግሞ በሙቀት ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሣጥኑና ኩሽኔታው አብረው በ80 ዲግሪ ቢሞቁ፣ 72 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መቀመጫ ላይ ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈጠራል። ተጣብቆ የነበረው ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ያለ ጠብ ይለቃል።

በሜልበርንም በአዲስ አበባም ሊወገዝ የሚገባው አንድ ልማድ የተሰበረ የማርሽ ጥርስን በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማስተካከል ነው። የማርሽ ጥርስ ላዩ ጠጣር፣ ውስጡ ጽኑ እንዲሆን በካርቦንና በሙቀት ይዘጋጃል፤ ጠጣሩ ቆዳ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የብየዳ እሳት ያንን ቆዳ ያጠፋዋል። ጥርሱ ለዓይን ያማረ ቢሆንም ለስላሳ ሆኗልና ብዙም አይቆይም፤ ሲሰበርም ፍርስራሹ የቀሩትን ማርሾች ይዞ ይሄዳል።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ስሌት

አንድ ካምቢዮ ማደስ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጥያቄ እንደ አገሩ ይለያያል። በሜልበርን ውዱ የሰው ጊዜ ነው። ጋራዥ ለአንድ ሰዓት የሚያስከፍለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ይበልጣል፤ ጥንቃቄ ያለው እድሳት ደግሞ ማውረድና መመለሱን ጨምሮ ሁለት የሥራ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በዚህ የተነሣ ብዙ ጋራዦች ካምቢዮ ከመክፈት ይልቅ ከማፍረሻ ግቢ ያገለገለ አምጥቶ መለወጥን ይመርጣሉ። ችግሩ የመጣው ካምቢዮ ከወጣው ጋር እኩያ መሆኑ ነው። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ስንት ወንዝ እንደተሻገረ የሚያውቅ የለም። በቪክቶሪያ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የሚጠየቀው የመንገድ ብቁነት ማረጋገጫም ገዢውን አይታደገውም። ማረጋገጫው ለ30 ቀናት የሚያገለግል የደኅንነት ምርመራ እንጂ የካምቢዮ ጤና ምስክር አይደለም።

በአዲስ አበባ ስሌቱ ይገለበጣል። ውዱ ዕቃው ነው፤ የሰው እጅ ርካሽ ነው። ስለዚህ ካምቢዮው እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል፤ ከሦስት ካምቢዮ አንድ ይወጣል፤ የታጣው ቡሽ በቶርኖ ይቀረጻል። ሱማሌ ተራ ከፈረሱ መኪኖች የወጡ ዕቃዎች የሚነግዱበት ሰፈር ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ድክመቱ የመለኪያ ነው። እጅ የሠለጠነ፣ ዓይን የሠለጠነ፣ ነገር ግን የአምራቹ መጽሐፍና የመቶኛ ሚሊ ሜትር መለኪያ የሌለበት ጋራዥ ብዙ ነው። የመለዋወጫ ቀለበት አዲስ ይሁን አስመሳይ ለመለየትም ከመለካት ሌላ መንገድ የለም። በሜልበርን መሣሪያው በየሱቁ አለ፤ የሚጎድለው ለመክፈት የሚደፍር ሰው ነው። በምዕራብ ሜልበርን የሚኖር፣ አገር ቤት በጋራዥ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ በመሆኑ ከማንም የተሻለ ዕድል አለው።

ጉዳዩ ወደፊት ይበልጥ እንጂ አያንስም። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና በአብዛኛው አንድ ቋሚ ማርሽ ብቻ ያለው፣ ሲንክሮናይዘር የማያስፈልገው ነው። በሜድስቶንም ለሜልበርን አዲስ የኤሌክትሪክ ትራሞች የጥገና ማዕከል ተገንብቷል። ሆኖም በመንገድ ላይ ያሉት የናፍጣ ፒክአፖች በአንድ አዋጅ አይጠፉም። ምትካቸው በተወደደ መጠን በሕይወት እንዲቆዩ ይፈለጋል።

የመጨረሻው ዘይት

ታድሶ የተዘጋ ካምቢዮ በተሳሳተ ዘይት ሊበላሽ ይችላል። በዘይት ቆርቆሮ ላይ የሚታዩት ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 የሚሉት ምልክቶች የጥራት ደረጃ ሆነው የሚወሰዱበት ጊዜ አለ፤ «አምስት ከአራት ይበልጣል» ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። ጂ ኤል 5 በዋነኝነት ለዲፈረንሻል የታሰበ፣ ከባድ ጫናን የሚቋቋሙ የድኝና የፎስፈረስ ውሕዶችን በእጥፍ ገደማ የያዘ ነው። እነዚህ ውሕዶች፣ በተለይ በድሮ ቀመሮች፣ በሙቀት ናስን ያጠቃሉ፤ ዘይቱን ይበልጥ አንሸራታች በማድረግም ቀለበቱ የሚኖርበትን ሰበቃ ሊቀንሱት ይችላሉ። አንዳንድ አምራቾች ለካምቢዮአቸው ሁለቱንም ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶች ጂ ኤል 4 ብቻ ይላሉ። ዳኛው የመኪናው መጽሐፍ ነው። ውፍረቱም እንዲሁ፤ 75 ደብልዩ 90 የተባለውን ቦታ በወፍራም ዘይት ድምፅ ለመሸፈን መሙላት በሜልበርን ክረምት ማለዳ ማርሽ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ይህ መኪና ሊሸጥ ሲል የሚሠራበት የቆየ ዘዴም ነው።

አዲስ ቀለበት የገባበት ካምቢዮ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በእርጋታ ሊነዳ ይገባዋል፤ ማርሽ ሳይጣደፍ፣ በሁለት ጣት ግፊት። ከዚያ ዘይቱ ትኩስ ሳለ ይቀዳል። አዲሱ ናስ ከሾጣጣው ጋር ሲላመድ የተወው ወርቅማ ብናኝና በማግኔቱ ላይ ያለው ስስ ግራጫ ጭቃ አያስደነግጥም። በጣት መካከል ሲታሽ የሚቧጥጥ ፍንካች ከተገኘ ግን ካምቢዮው ዳግመኛ ይወርዳል።